ካርቶን ውስጥ የተገኘው የእጅ ሰዓት፦ ብርቅ ነው ወይስ አሮጌ ብቻ?

ከመሀል ከተማ ወደ ዳር የወጣ ቤተሰብ ያውቀዋል። ዕቃ ሲጫን የተረሳው ሁሉ ይወጣል። ኮዬ ፈጬ ወይ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደርሰው ካርቶን ሲፈቱ፣ ከአሮጌ መታወቂያና ከደረሰኝ መሀል የአያት የእጅ ሰዓት ብቅ ይላል። ክርክሩም ወዲያው ይጀምራል። አንዱ «ይሄማ ብርቅ ነው፣ ሚሊዮን ያወጣል» ይላል። ሌላው ለልዋጭ ሊሰጠው ይነሳል፤ አንድ የፕላስቲክ ባልዲ አይጠፋውም።

ሁለቱም ሳያዩ ነው የሚናገሩት። አንድን ሰዓት በእርግጥ ብርቅ የሚያደርጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። ሲጀመር ስንት ተሠራ? ከዚያ ውስጥ ሳይነካ፣ ሳይቀባ፣ ክፍሉ ሳይቀየር የቀረው ስንት ነው? ዛሬስ የሚፈልገው ሰው አለ? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይጠይቃል። እኔ ግን እንጀራው ያለው ሁለተኛው ላይ ነው እላለሁ። በተለይ እኛ ጋ። ምክንያቱም እኛ ጋ ሰዓት የሚጠፋው በመሰበር ብቻ አይደለም፤ በመታደስም ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

1. መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ

ሰዓቱን እንዳገኛችሁ ምንም አታድርጉት። መስታወቱን በጥርስ ሳሙና አትፈትጉ። ቤንዚን አታስነኩት። መሙያው እምቢ ካለ አታስገድዱት፤ ዘይቱ ደርቆ ሊሆን ይችላል፣ በግድ ከዞረ ጥርሱ ይሰበራል። አውቶማቲክ ከሆነም «ይነሳ እንደሆነ» ብላችሁ አታራግፉት።

ሰበታ ወይ ቡራዩ መንገድ ዳር፣ በመስታወት ሳጥን ጀርባ የተቀመጡት ሰዓት ሠሪዎች ብዙዎቹ እጃቸው ወርቅ ነው። ችግሩ ደግነታቸው ነው። ሰዓቱን ያዩና «ፏ አድርጌ ልመልስልህ» ይላሉ። ፏ ማለት ቀፎው (የውጭ አካሉ) ተቦርሾ፣ ፊቱ ተቀብቶ፣ ቆጣሪዎቹ (ሰዓትና ደቂቃ የሚያሳዩት እጆች) ባገኙት ተተክተው ማለት ነው። ለሚያደርገው ሰው ቆንጆ ነገር ነው። ለሰብሳቢ ግን የሰዓቱ ዋጋ ግማሹም ከዚያም በላይ እዚያች ወንበር ላይ አለቀ። ስለዚህ ስትሰጡ በግልጽ ተናገሩ፦ «ጋሼ፣ ማሽኑን ብቻ ይጠቡልኝ። ፊቱንም ቀፎውንም እንዳይነኩብኝ። የሚቀየር ዕቃ ካለ አሮጌውን ይመልሱልኝ።» የመጨረሻዋን አትርሷት። የተነሳው አሮጌ መሙያ ወይ ቆጣሪ በትንሽ ፕላስቲክ ታሽጎ ከሰዓቱ ጋር መቀመጥ አለበት።

ሌላ ጥንቃቄም አለ። ከ1960ዎቹ በፊት የተሠሩ፣ በጨለማ እንዲያበሩ የተቀቡ ብዙ ሰዓቶች ራዲየም አለባቸው። ብርሃኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ ጨረሩ ግን አልጠፋም። ክዳናቸውን ቤት ውስጥ አትክፈቱ፣ የሚረግፈውን ዱቄት አትንኩ፣ ልጆችም አይጫወቱባቸው።

2. ዕድሜን ከብርቅነት ለዩ

አሮጌ ሰዓት ሁሉ ብርቅ ቢሆን ኖሮ መርካቶ ሙዚየም በሆነ ነበር። በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት የተማሩ ሰዎች ይዘዋቸው የመጡት ፖሊዮት፣ ራኬታና ቮስቶክ ጠንካራ ሰዓቶች ናቸው፤ ግን በሚሊዮን የተመረቱ ናቸው። ሴይኮ 5ም ከ1963 ጀምሮ ሲፈበረክ የኖረ ነው። ከጅዳ፣ ከቤይሩት፣ ከዱባይ በዘመድ እጅ የገባው የቀን ስሙ በዓረብኛ ይጻፋል። ይህንን አይተው «ልዩ ትእዛዝ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። ለዚያ ገበያ የተሠራ መደበኛ ሰዓት ነው።

ውድ መሆንም ብርቅ መሆን አይደለም። ሮሌክስ በዓመት ወደ 1 ሚሊዮን ገደማ ሰዓት እንደሚያመርት ይገመታል። ሱቅ ሄዶ ማጣትና በዓለም ላይ አለመኖር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ወረፋ ስላለ ብርቅ ነው ማለት፣ ታክሲ ስለጠፋ መኪና የለም እንደማለት ነው።

እውነተኛው ብርቅነት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ባልተጠበቀ በኩል ነው፤ በጊዜው ማንም ካልፈለገው ዕቃ። የስዊሱ ሰዓት ሠሪ ፓቴክ ፊሊፕ በ1941 ያወጣው 1518 የሚባለው ሰዓት በጠቅላላ 281 ያህል ብቻ ተሠራ። አብዛኛው ወርቅ ነው፤ ያን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ብረት ምን ያደርግለታል? ስለዚህ በብረት የተሠሩት የሚታወቁት አራት ብቻ ናቸው። ከአራቱ አንዱ በ2016 ጄኔቫ ላይ በ11 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ተሸጠ። አብዛኛው ወርቅ አጠገቡም አይደርስ።

ዴይቶና የሚባለው የሮሌክስ ሞዴልም እንዲሁ ነው። «ፖል ኒውማን» የሚባለው ዝንጉርጉር ፊት በ1960ዎቹ ገዢ አልነበረውም፤ ሻጮች የማይነሳ ዕቃ ነው ይሉት ነበር። የተሸጠው ጥቂት ሆነ፣ የቀረውም ጥቂት ሆነ። የተዋናዩ የፖል ኒውማን የራሱ ሰዓት በ2017 ኒው ዮርክ ላይ ከ17.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። እንግዲህ ካርቶናችሁ ውስጥ ያለው ሰዓት መልኩ ግራ የሚያጋባ፣ ቀለሙ ያልተለመደ ከሆነ፣ ከመናቃችሁ በፊት ቆም በሉ።

3. ቁጥሩን አንብቡ

ስሙ አይበቃም። «ኦሜጋ ነው» ማለት «ቶዮታ ነው» እንደማለት ነው፤ የትኛው? የትኛው ዓመት? ጀርባውን በብርሃን ስር አዘንብላችሁ በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ አንሱ። አንዳንዱ ቁጥር ማሰሪያው በሚገባበት ጠርዝ መሀል ይደበቃል፤ አንዳንዱ ከክዳኑ ውስጥ ነው። ውስጡን ሰዓት ሠሪው ሲከፍት እናንተ ፎቶ አንሱ።

ሴይኮ ለጀማሪ ጥሩ መማሪያ ነው። ጀርባው ላይ በሰረዝ የተያያዘ ቁጥር ታያላችሁ፤ ለምሳሌ 6309-7040። የፊተኛው አራት አኃዝ ማሽኑ፣ የኋለኛው ቀፎው ነው። ሌላ ባለስድስት አኃዝ ቁጥር አለ። የእሱ የመጀመሪያ አኃዝ የተሠራበት ዓመት መጨረሻ ነው፣ ሁለተኛው ወሩ ነው። ጥቅምት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ (የፈረንጆቹ ማለቴ ነው) ግን በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፦ ኦ፣ ኤን እና ዲ። 6309-7040 ከ1976 እስከ 1988 ነው የተመረተው። ስለዚህ ቁጥሩ በ14 ከጀመረ ኤፕሪል 1981 ነው፣ ሌላ 1 የሚሆን ዓመት የለም። በ84 ከጀመረ ደግሞ 1978 ይሁን 1988 ለማወቅ ሌሎች ምልክቶችን ማየት ያስፈልጋል።

ሎንጂንስ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የያዘው መዝገብ አለው፤ ቁጥሩን ልኮ ሰዓቱ መቼና ለማን አገር እንደተላከ መጠየቅ ይቻላል። የቆዩ ትልልቅ የስዊስ ኩባንያዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያለ መዝገብ አላቸው። ደላላ ከሚነግራችሁ ታሪክ ሁሉ ያ አንድ ገጽ ይበልጣል።

4. ፊቱን እንደ ደብዳቤ አንብቡ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። የሰዓት ዋጋ ያለው ፊቱ ላይ ነው። አጉሊ መነጽር ፈልጉ፤ ከሌለ የስልክ ካሜራ ይበቃል። ፀሐይ በቀጥታ አይምታው፣ በረንዳ ላይ ጥላ ውስጥ ሆናችሁ እዩት።

ከጽሑፉ ጀምሩ። የፋብሪካ ጽሑፍ ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ ጠርዙ ያልተንጠባጠበ ነው። ተመልሶ የተቀባ ፊት ላይ ፊደሉ ይወፍራል፣ መስመሩ ይዋኛል፣ በሁለት ፊደላት መሀል ያለው ክፍተት አንዴ ይሰፋል አንዴ ይጠባል። የደቂቃ መስመሮቹን አንድ በአንድ ተከተሉ። ተለጥፈው የተተከሉ የሰዓት ምልክቶች ካሉ ሥራቸውን እዩ፤ ቀለም እግራቸው ላይ ከተጠራቀመ ብሩሽ ደርሶበታል ማለት ነው። የቀን መስኮቱ ጠርዝም ይናገራል፦ ቀለሙ ወደ ውስጥ ከተገለበጠ ብሩሹ አልፎበታል።

ከዚያ ወደ ታችኛው ጠርዝ ውረዱ፤ 6 አካባቢ። ሴይኮ ከሆነ እዚያ እንደ ጉንዳን የደቀቀች ጽሑፍ አለች። ከማሽኑ ቁጥር ነው የምትጀምረው። ጀርባው 6309 እያለ ፊቱ 7009 ካለ ፊቱ የሌላ ሰዓት ነው። ጽሑፏ ጭራሽ ከሌለች ደግሞ ፊቱ ተቀብቷል ወይ ፎርጂድ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ከህንድ የሚወጡ «ሙምባይ ስፔሻል» የሚሏቸው ሴይኮዎች አሉ፤ አሮጌ ማሽን፣ የተቦረሸ ቀፎ፣ እንደ ሰርግ ድንኳን የሚያብለጨልጭ አዲስ ፊት። ብርቱካንማ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ። ለማድረግ ችግር የለባቸውም። «ከፋብሪካ እንዲህ የወጣ ብርቅ ቀለም» ብሎ የሚሸጥላችሁ ግን ሿሿ እየሠራባችሁ ነው።

የስዊስ ሰዓት ላይ ከ«ስዊስ» ጎን «ቲ» የምትባል የላቲን ፊደል ካያችሁ፣ የሚያበራው ቀለም ትሪቲየም ነው። ከ1960ዎቹ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ነበር። ትሪቲየም በየ12 ዓመቱ ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይወርዳል። የ1970 ሰዓት ዛሬ በጨለማ ማብራት የለበትም። ታዲያ መብራት አጥፍታችሁ ስታዩት እንደ አዲስ ቦግ ካለ፣ አንድ ሰው በቅርቡ ቀብቶታል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ያላችሁ ይህን ሙከራ ያለ ወጪ ታደርጉታላችሁ።

የቆጣሪዎቹና የፊቱ የሚያበራ ቀለም አብረው ማርጀት አለባቸው። ፊቱ ላይ ያለው ወደ ማር ቀለም ሄዶ ቆጣሪው ላይ ያለው ነጭ ከሆነ፣ ቆጣሪዎቹ ተቀይረዋል።

አሁን ከባዱ ነገር፦ ቆሻሻ የሚመስለው ፊት ብዙ ጊዜ ከተዋበው ይበልጣል። ትንሽ ነጥብ ነጥብ ያለው፣ ጥቁሩ ወደ ቡና የሄደ፣ ነጩ ወደ ክሬም ያዘነበለ ፊት፣ ከፋብሪካ የወጣው ራሱ ከሆነ ሰብሳቢ ይፈልገዋል። ክረምት ላይ ውሃ ገብቶ የፈነዳና የተላጠ ፊት ግን ያው ጉዳት ነው፣ «ታሪክ አለው» ተብሎ አይሸፋፈንም።

5. ቀፎውንና ወርቁን እዩ

ጠርዞቹን በጥፍር ዳስሱ። ፋብሪካ የሠራው ቀፎ ሹል መስመሮች አሉት። ተደጋግሞ የተቦረሸ ቀፎ እንደ ሳሙና ይለሰልሳል፣ የጀርባው ጽሑፍም ይደበዝዛል። ጭረት ያለበት ሹል ቀፎ፣ ከሚያብረቀርቅ ክብ ቀፎ ይሻላል።

«750» የሚል ማህተም 18 ካራት ነው፣ «585» ደግሞ 14። ከ1995 በፊት በተሠራ የስዊስ 18 ካራት ላይ የሴት ጭንቅላት ማህተም ፈልጉ። «20 ማይክሮን» ካለ ወርቅ ቅብ ነው። እውነተኛ ወርቅ ከሆነ ወደ ወርቅ ቤት አትሩጡ። ወርቅ ቤት የሚመዝነው ግራም ነው፤ ቀፎውን ወስዶ ማሽኑን በወረቀት ጠቅልሎ ይመልስላችኋል። ስንት ሰዓት እንዲህ ቀልጦ እንደጠፋ ሳስብ ያንገበግበኛል። የቀሩትን ብርቅ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ እሱው ቢሆንም።

6. ሁሉም ክፍል አብሮ የተወለደ ነው?

ፊቱም፣ ማሽኑም፣ ቀፎውም ለየብቻ ኦርጂናል ሆነው ሰዓቱ ግን ግጥምጥም ሊሆን ይችላል። ይህ የመንደር ጣጣ ብቻ አይደለም። በ1957 የወጣው የመጀመሪያው ኦሜጋ ስፒድማስተር፣ 2915-1 የሚባለው፣ ፊቱ ወደ ቡና የተለወጠ አንድ ሰዓት በ2021 ጄኔቫ ላይ ከ3.1 ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ተሸጠ። ገዢው ራሱ ኦሜጋ ነበር። በ2023 ከተለያየ ሰዓት በተሰበሰበ ዕቃ የተገጣጠመ መሆኑ ታወቀ፣ ኩባንያውም የቀድሞ ሠራተኞቹ እጅ እንዳለበት ገለጸ። የሠራው ኩባንያ ከተሸወደ፣ በቴሌግራም ሦስት ደብዛዛ ፎቶ አይታችሁ ቀብድ ልትልኩ ነው?

ስለዚህ ያገኛችሁትን ሁሉ አንድ ላይ አስቀምጡ፦ የማሽኑ ቁጥር፣ የቀፎው ቁጥር፣ የፊቱ ዓይነት፣ የቆጣሪዎቹ ቅርጽ። በዚያው ዓመት ከተሠሩ ሌሎች አምስት ስድስት ሰዓቶች ፎቶ ጋር አስተያዩ። አንዱ ክፍል ብቻውን የተለየ ከሆነ «ብርቅ ዝርያ» ከማለታችሁ በፊት «የተቀየረ» በሉ። ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ እሱ ነው።

7. ማስረጃ፦ የፎቶ ቤት ፎቶ

የቤተሰብ አልበም አምጡ። በድሮ ፎቶ ቤት ሰው የሚቀመጠው አውቆ ነው፤ እጅጌውን ትንሽ ሰብስቦ፣ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ፣ ሰዓቱ እንዲታይ። ያኔ ጉራ ነበር፤ ዛሬ ማስረጃ ነው። ፎቶውን አጉልታችሁ የቆጣሪዎቹን ቅርጽ፣ የትንሿን የሰከንድ ክብ ቦታ፣ የቀፎውን ጥግ እዩ። እጃችሁ ላይ ካለው ጋር ከገጠመ ሰዓቱ ያኔም ያው እንደነበር አሳያችሁ። ከፎቶው ጀርባ ቀን ካለ ደግሞ ጉድ ነው። ደረሰኝ፣ የዋስትና ደብተር፣ ሳጥን፣ አቃቂ ፋብሪካ ወይ ምድር ባቡር ለጡረታ የሰጠው የምስጋና ወረቀት፣ ሁሉም አብሮ ይቀመጥ። የሚያውቁ ሽማግሌ በሕይወት ካሉ ድምፃቸውን ቅዱ።

ታሪክ ያለ ማስረጃ ዋጋ የለውም። «ጃንሆይ ለአባቴ የሰጡት ነው» የሚል ሰው ሞልቷል፤ ጃንሆይ ሰዓት ይሸልሙ ስለነበር እውነት ሊሆንም ይችላል። ግን ስም የተቀረጸበት፣ ፎቶ ወይ ደብዳቤ ያለው ካልሆነ ገዢው የሚከፍለው ለሰዓቱ ብቻ ነው። ማስረጃ ሲኖርማ ሌላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ የተሰጣቸው ፓቴክ ፊሊፕ 2497፣ ቀንና ወሩን ራሱ የሚቆጥር የወርቅ ሰዓት፣ በ2017 ጄኔቫ ጨረታ ላይ ከ2.8 ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ወጥቶበታል።

እንዲህ ያለ ታሪካዊ ነገር እጃችሁ ከገባ ወደ ውጭ ከመላካችሁ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ 209/1992 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የተከለከለ ነው። ቦሌ ላይ ከመከራከር ይሻላል።

8. ማን ይፈልገዋል?

በዓለም ላይ አንድ ብቻ ሆኖ ማንም የማይገዛው ሰዓት አለ። ለጥሎሽ ይመጡ የነበሩት ትንንሽ የሴት የወርቅ ሰዓቶች ብዙዎቹ በሥራቸው ከወንዶቹ ይበልጣሉ፣ የደህናዎቹም ቁጥር ትንሽ ነው። ነገር ግን መጠናቸው ስለሚያንስ ሰብሳቢ ብዙ አይሯሯጥባቸውም። ለእኔ ይህ ግፍ ነው፤ ገንዘብ ያለው ሰው አሁን ቢገዛቸው ይጠቀማል ባይ ነኝ።

ዋጋ ስትፈልጉ የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠውን እዩ። ኦንላይን ላይ ማንም ሰው 10 ሺህ ዶላር ብሎ መለጠፍ ይችላል። የጨረታ ቤቶች ውጤትና በገበያ ድረ ገጾች «የተሸጡ» የሚለው ዝርዝር ነው እውነቱን የሚነግራችሁ። ያንኑ ሞዴል፣ ያንኑ ፊት፣ ያንኑ ጉዳት ያለበትን አወዳድሩ። ገዢ ሲመጣም ሰዓቱን «ባለሙያ ላሳየው» ብሎ ይዞ እንዳይሄድ። ባለሙያው ይምጣ ወይም አብራችሁ ሂዱ፤ ፊቱ ተቀይሮ ቢመለስ በምን ታስረዳላችሁ?

9. አቀማመጥና አደራረግ

ዳር ያለ ሰፈር በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃና እርጥበት ነው። አሮጌ ሰዓት ጀርባው ላይ «ውሃ አያስገባም» ቢልም ጎማው ከደረቀ ቆይቷል፤ ዝናብ ላይ አታድርጉት። በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ከጫማ ካርቶን የምትገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምራችሁ፣ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ። ከስልክና ከስፒከር አርቁት፤ ማግኔት ማሽኑን ያስቸኩለዋል።

ቀን ያለው ሰዓት ከሆነ ደግሞ ይህችን ያዙ። ቆጣሪዎቹ ቀን ሊቀይሩ ሲሉ፣ ማለትም ፊቱ ላይ በ12 በኩል ከ9 እስከ 3 ባሉት ቁጥሮች መሀል ሳሉ፣ ቀኑን በእጅ መቀየር ጥርሱን ሊሰብር ይችላል። መጀመሪያ ሁለቱንም ቆጣሪዎች ወደ 6 አካባቢ አውርዱ፣ ከዚያ ቀኑን ቀይሩ። ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር የምትሞሉት ከሆነ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ጠዋት ወይ ማታ 12 ላይ ቢዞር አይግረማችሁ። አልተበላሸም። ጠዋት እንዲዞር ከፈለጋችሁ፣ ማታ 12 ላይ ቀኑ ሲዞር ካያችሁት ቆጣሪዎቹን አንድ ሙሉ ዙር፣ 12 ሰዓት ወደፊት አስኪዷቸውና ከዚያ ቀኑን አስተካክሉ።